ጢስ፣ ዝንብና የጀግና ምላስ፦ ስለ እንግሊዞች ቅላጼ አመጣጥ የሚነገረውና የሆነው

በእንግሊዝ አገር ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከስኮትላንድ ወሰን አጠገብ ባለችው በኖርዘምበርላንድ፣ የቀድሞ ሰዎች «ር»ን የሚያወጡት እንደ ሌላው እንግሊዛዊ በምላሳቸው ጫፍ ሳይሆን እንደ ፈረንሳዮች ከጉሮሯቸው ውስጥ እያንኮራኮሩ ነበር፤ ይህ አነጋገር ከወዴት እንደ መጣ የተጠየቀ የአገሩ ሽማግሌም የጥንት ጀግና ስም ጠርቶ ይመልሳል። ሆትስፐር በሚባል ቅጽል ስሙ የታወቀው ሄንሪ ፐርሲ፣ የዚያ አገር መስፍን ልጅ፣ በ1403 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በንጉሡ ላይ ተነሥቶ በሽሩስበሪ ጦር ሜዳ ወደቀ። በሕይወቱ ሳለ አንደበቱ የሚታወክ ሰው ነበረና፣ የሚያፈቅሩት ጎበዛዝት አረማመዱንና አለባበሱን ብቻ ሳይሆን የምላሱን ጉድለት እንኳ እንደ ማዕርግ ቈጥረው ወረሱት፤ ከእነርሱ ወደ ልጆቻቸው፣ ከልጆቻቸውም ወደ አገሬው ሁሉ ተላለፈ ይላሉ።

ተረቱ ድጋፍ አላጣም። ሼክስፒር በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በጻፈው ተውኔት ሁለተኛ ክፍል፣ የሆትስፐር መበለት ባሏን እያሰበች፣ ወጣቶች ሁሉ እርሱን ለመምሰል ብለው የአነጋገሩን ነውር ሳይቀር እንደ ኰረጁ ትናገራለች። ነገር ግን ነውር የተባለው መቻኰልና ቃልን በቃል ላይ መደረብ ይሁን ወይስ የ«ር» መበላሸት፣ ከተውኔቱ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ደግሞም ተውኔቱ ሲጻፍ ሆትስፐር ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ለእኔ ይልቅ የሚበልጥብኝ ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የብሪታንያ የጕዞ መጽሐፉ የተወልን ምስክርነት ነው። ዴፎ የዚህን ጉሮሯዊ ድምፅ ነገር በመጽሐፈ መሳፍንት ኤፍሬማውያን በዮርዳኖስ መሻገሪያ ከተያዙበት ቃል ጋር ካመሳሰለ በኋላ፣ ተወላጆቹ በጉድለታቸው እንደማያፍሩ፣ እንዲያውም የደማቸውን ጥንታዊነት የሚያሳይ ምልክት ነው እያሉ እንደሚኰሩበት በጥቂት ምፀት ይነግረናል። እንግዲህ ስለ ቅላጼ አመጣጥ የሚነገረው ነገር ከጥንቱም የዘር ሐረግ ቈጠራ ነበር ማለት ነው፤ የድምፁን አባት የሚፈልግ ሰው የራሱን አባት ይመርጣል።

እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ፣ በመጠጥ ቤትም ሆነ በባቡር ውስጥ፣ የአነጋገር ነገር ሲነሣ የየራሱ ፍልስፍና የሌለው ሰው አይገኝም። ስለ ኵላሊቱ ቢጠይቁት «ሐኪሙ ያውቃል»፣ ስለ ከዋክብት ቢጠይቁት «ሊቃውንቱ ያውቃሉ» የሚለው ሰው፣ ስለ ጎረቤት ከተማ አነጋገር ሲጠየቅ ግን መዝገብ ሳይገልጥ ምክንያቱን ይዘረዝራል።

ከእነዚህም ፍልስፍናዎች አብዛኛዎቹ አየሩን የሚከሱ ናቸው። የበርሚንግሃም ሰዎች አፋቸውን በቅጡ ሳይከፍቱ የሚናገሩት በፋብሪካው ዘመን የከሰል ጢስ ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ ጥርሳቸውን ገጥመው መናገር ስለ ለመዱ ነው ይባላል። የሊቨርፑል ሰዎች ድምፅ በአፍንጫ የታፈነ የሚመስለው ከወደቡ ጉምና እርጥበት የተነሣ ጉንፋን የማይለቃቸው ስለ ነበሩ ነው ይባላል። አውስትራሊያውያን ደግሞ ከንፈራቸውን እምብዛም የማያላውሱት ዝንብ እንዳይገባባቸው ሲጠነቀቁ ነው፤ ይህን የሚሉት፣ እየሳቁም ቢሆን፣ ራሳቸው አውስትራሊያውያን ናቸው። በ2015ም በሜልበርን ጋዜጣ አንድ የንግግር መምህር፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከመጠጥ የማይለዩ ስለ ነበሩ የስካር አነጋገራቸውን ለልጆቻቸው አወረሱ ብሎ ጻፈ፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሳይውሉ ሳያድሩ ነቀፉት፣ ወሬው ግን ነቀፌታውን ቀድሞ ዓለምን ዞረ።

ጢስ አፍ የሚያስዘጋ ቢሆን ኖሮ ቀድማ አፏን መዝጋት የሚገባት ለንደን ነበረች። በታኅሣሥ 1952 የከሰል ጢስና ጉም ተቀላቅሎ ከተማይቱን አፍኖ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ ነዋሪዎቿን ገድሏል፤ የለንደን ቅላጼ ከጢስ ተወለደ ሲባል ግን አልሰማሁም። ሊቨርፑልና ማንችስተር የሚራራቁት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያው ዝናብ ይዘንብባቸዋል፣ ያው የፋብሪካ ጥላሸት ወርዶባቸዋል፣ አነጋገራቸው ግን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚለይ ነው። ኒው ዚላንድም የአውስትራሊያን ያህል ዝንብ ሳይኖርባት ቅላጼዋ የአውስትራሊያ የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ እንደማየው የአየር ፍልስፍና ዘወትር የሚመረምረው የባዕድን አፍ ነው፤ የራሱን አነጋገር እንደ ጤና፣ የጎረቤቱን እንደ ሕመም የሚቈጥር ሰው ለሕመሙ እንጂ ለጤናው ምክንያት አይፈልግምና።

ስለ አየር ከተነሣ ዘንድ፣ ወደ አገራችን ጥቂት ጎራ ብል አንባቢ አይቀየመኝም። ካሌብ ኤቨረት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ2013 ባወጣው ጥናት፣ እንደ ጠ፣ ጨና ቀ ያሉት ጉሮሮን ዘግቶ በማፈንዳት የሚወጡ ድምፆች በብዛት የሚገኙት በደጋ አገሮች፣ በአንዲስና በካውካሰስ ተራሮች፣ በኢትዮጵያም አምባዎች መሆኑን ቈጥሮ ካሳየ በኋላ፣ የአየሩ መሳሳት እነዚህን ድምፆች ማውጣት ሳያቀል አልቀረም ብሏል። ይህ ተቈጥሮና ተመዝኖ የቀረበ ነገር ስለ ሆነ ከመጠጥ ቤት ወሬ ጋር አይደመርም። ነገር ግን በየመንና በዖማን ቈላ የሚነገረው መህሪ የተባለው ሴማዊ ልሳን ደጋ ሳይወጣ እነዚሁኑ ድምፆች ይዞ ይገኛል፤ የሴማውያን ልሳናት ጥንታዊት እናትም ራሷ እነዚህ ድምፆች እንደ ነበሯት ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ስለዚህ የእኛዪቱ «ጠ» ተራራውን ከመውጣቷ በፊት የተወለደች ትመስላለች።

ከግምት ይልቅ ጆሮን ማስቀደም ከጀመሩት ሰዎች መካከል የጆሴፍ ራይትን ያህል ታሪኩ የሚያስደንቅ የለም። ራይት በ1855 በዮርክሻየር፣ በብራድፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በድንጋይ መፍለጫ ስፍራ አህያ እየነዳ የጠራቢዎቹን መሣሪያ ለማስሳል ወደ ቀጥቃጩ ቤት ያመላልስ ነበር፤ ከዚያም በሶልቴር የሱፍ ፋብሪካ ገብቶ የሞላውን የክር መጠቅለያ እያወጣ ባዶውን የሚተካ ልጅ ሆነ። እስከ 15 ዓመቱ ፊደል አያውቅም። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ተነሥቶ ባልንጀራው ጋዜጣ ሲያነብ እርሱ ጆሮውን ብቻ ይዞ መቀመጡ ስላንገበገበው፣ መጽሐፍ ቅዱስንና የጆን በንያንን መጽሐፍ ይዞ በገዛ እጁ ንባብ ተማረ። በ1876 ያጠራቀማትን 40 ፓውንድ ቋጥሮ ባሕር ከተሻገረ በኋላ፣ ከአንትወርፕ እስከ ሃይደልበርግ ድረስ በእግሩ ተጕዞ ከጀርመን መምህራን እግር ሥር ተቀመጠ፤ በ1885 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1901 በኦክስፎርድ የንጽጽረ ልሳናት ፕሮፌሰር ሆነ። ኋላ በልብ ወለድ መጻሕፍቱ ስመ ጥር የሆነው ቶልኪን ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበረ።

ይህ ሰው ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ጥራዝ ያሳተመው የእንግሊዝ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት ዛሬም የሚመረመር ነው። እኔ ግን አብልጬ የማደንቅለት በ1892 የጻፈውን ትንሹን መጽሐፍ፣ ያደገባትን የዊንድሂልን መንደር አነጋገር ሰዋስው ነው። ጐቲክንና ሳንስክሪትን ለመመርመር የተማረውን ሥርዓት ሳይቀንስ በፋብሪካው ሠራተኞች አንደበት ላይ አውሎ፣ የተማሩ ሰዎች «የተበላሸ እንግሊዝኛ» የሚሉት አነጋገር አናባቢውን ከጥንቱ እንግሊዝኛ በቀጥታ እየሳበ በማይናወጥ ሕግ የሚሄድ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ስንፍና ነው»፣ «ጉንፋን ነው» ማለት ቀላል አልሆነም፤ ሳል ሰዋስው የለውምና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1915 ጀምሮ፣ ቪልሄልም ዴገን የተባለ ጀርመናዊ የእንግሊዝኛ መምህር ከመንግሥቱ ፈቃድና ገንዘብ አግኝቶ፣ ከሊቃውንት ጉባኤ ጋር በምርኮኞች ሰፈር እየዞረ የየአገሩን ሰው ድምፅ በሸክላ ያስቀርጽ ነበር፤ የእንግሊዞቹን ክፍል የያዘው የበርሊኑ ፕሮፌሰር አሎይስ ብራንድል ነው። ምርኮኛው ከመቀበያው ጡሩምባ ፊት ይቆማል። የሚያነበው በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተጻፈውን፣ ርስቱን ተካፍሎ ወደ ሩቅ አገር የሄደውንና በመጨረሻ ወደ አባቱ ቤት ለመመለስ የቈረጠውን ልጅ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን እንደ ሰማው ሳይሆን በእናቱ ቤት እንደሚነገረው አድርጎ። ምሳሌው ቀድሞም በአውሮፓ ዘዬ ለሚሰበስቡ ሰዎች የተለመደ ንባብ ስለ ነበረ እንጂ የምርኮኞቹን ልብ ለመንካት ታስቦ የተመረጠ አይመስልም፤ ሆኖም ረኃብና ናፍቆት ላለበት ወታደር ከዚህ የከፋ ፈተና፣ ወይም የተሻለ መጽናኛ፣ ለማግኘት ያስቸግራል። የእነዚያ ሸክላዎች ቅጂ ከ2008 ጀምሮ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከእያንዳንዱ ሸክላ ጋር አንድ ቅጽ ይሞላ ነበር፤ ተናጋሪው የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ሥራው ምንድን ነው፣ አባቱና እናቱስ ከወዴት ናቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የዘመኑን እምነት ይገልጣል። ሊቁም ሆነ መሀይሙ አነጋገር እንደ ዓይን ቀለም ከወላጅ የሚወረስ ይመስለው ነበርና፣ የአንድን አገር ቅላጼ ለማወቅ የመጀመሪያ አባቶቹን መፈለግ ይበቃል ይባል ነበር። በአሜሪካ የአፓላችያ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የሼክስፒርንና የንግሥት ኤልሳቤጥን እንግሊዝኛ ሳይበርዙ ጠብቀው ይናገራሉ የሚለው ዝነኛ ወሬ የዚሁ እምነት ልጅ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1603 ነው፤ የተራራዎቹ ሰፋሪዎች አብዛኞቹ ከሰሜን አየርላንድ እየፈለሱ የመጡት በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ነው። ተራራም ቢሆን ሰውን ከሰው ያርቃል እንጂ ልጅን ከአባቱ የተለየ እንዳይናገር አያግደውም።

በእርግጥ በዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት የእውነት ፍሬ አለች፤ እርሷም «ር» ናት። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዞች በጠቅላላው ለማለት ይቻላል፣ በቃል መጨረሻና ከተነባቢ በፊት ያለውን «ር» ያሰሙ ነበር። በለንደን ይህ ድምፅ እየሰለለ መሄዱን ጆን ዎከር በ1791 ባሳተመው የንባብ መዝገበ ቃላት መዝግቦታል። ከለንደን ጋር የንግድም የሥልጣንም ግንኙነት የነበራቸው የአሜሪካ ወደቦች፣ እንደ ቦስተንና ቻርልስተን ያሉት፣ ይህን አዲስ ፈሊጥ ሲቀበሉ፣ ወደ ውስጥ የገቡት ሰፋሪዎች አሮጌውን ይዘው ቀሩ፤ በእንግሊዝም የምዕራቡ ገበሬዎች፣ የሶመርሴቱና የዴቨኑ፣ «ር»ን አልጣሉም። ዛሬ ዓለም «የባሕር ወንበዴ አነጋገር» የሚለው ከዚሁ የመጣ ነው፤ በዶርሴት የተወለደው ተዋናይ ሮበርት ኒውተን በ1950 «የሀብት ደሴት» በተሰኘው ፊልም ወንበዴውን ሆኖ ሲጫወት የምዕራቡን «ር» እያጋነነ ተናገረ፣ ከዚያ ወዲህ ወንበዴ ሁሉ እንደ እርሱ ሆነ። አንድ ሰው በምላሱ ሌላውን ሁሉ አስከተለ የሚለው የሆትስፐር ተረት የተፈጸመው እንግዲህ በኖርዘምበርላንድ ሳይሆን በሲኒማ ቤት ነው፤ ያም የጨዋታ ቅላጼ አስገኘ እንጂ በዚያ አነጋገር ዳቦ የሚገዛበት መንደር አልፈጠረም።

ታዲያ መንደሩን የሚፈጥረው ማን ነው? መልሱ የተገኘው አዲስ ከተማ በሚቈረቈርበት ስፍራ ነው። ሚልተን ኪንዝ በ1967 በመንግሥት ውሳኔ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ከለንደንና ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከስኮትላንድም ከሰሜንም የመጡ ቤተ ሰቦች በአንድ ጊዜ ሰፈሩባት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖል ከርስዊልና አን ዊሊያምስ 48 ልጆችን፣ ዐሥራ ስድስቱን የአራት ዓመት፣ ዐሥራ ስድስቱን የስምንት፣ ዐሥራ ስድስቱን የዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ከእያንዳንዱም ጋር አሳዳጊውን ቀርጸው አነጻጸሩ። የአራት ዓመቶቹ በአብዛኛው እንደ እናቶቻቸው ይናገሩ ነበር። በስምንትና በዐሥራ ሁለት ዓመቶቹ ዘንድ ግን የእናት ድምፅ እየጠፋ፣ የስኮትላንዳዊቱም ልጅ የለንደኒቱም ልጅ ወደ አንድ አነጋገር ሲቀራረቡ ተገኙ፤ ያም አነጋገር ከወላጆቻቸው ከአንዳቸውም እንዳለ የተወሰደ አልነበረም። በበርሊኑ ቅጽ የአባትና የእናት አገር የተጠየቀበት መስመር ከስምንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ እምብዛም የሚረባ አልሆነም ማለት ነው። ከእርሱ ይልቅ መጠየቅ የነበረበት ልጁ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ኳስ እንደሚጫወት ነው።

ይኸው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት እንደ ተፈጸመ የሚያስሰማ መዝገብ ደግሞ በዓለም ዳር ተገኘ። ከ1946 እስከ 1948 የኒው ዚላንድ ራዲዮ የመቅረጫ መኪና አሰማርቶ በገጠር ከተሞች የሽማግሌዎችን ትዝታ ያስቀርጽ ነበር፤ የታሰበው ስለ አቅኚዎች ዘመን ለማስተረክ እንጂ ስለ ቅላጼ አልነበረም። ከተናጋሪዎቹም ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚያ ምድር የተወለዱ፣ ማለት ኒው ዚላንዳዊ ሆነው የተፈጠሩ የመጀመሪያዎቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩባቸው። ሊቃውንት ቈይተው ሸክላውን ሲያዳምጡ የሰሙት እንግዳ ነገር ነው፤ በወርቅ ፍለጋ በ1862 በተቈረቈረችው በአሮውታውን ጎን ለጎን ያደጉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰል አነጋገር ነበራቸው፤ በአንድ ሰውም አፍ የስኮትላንድ ተነባቢና የደቡብ እንግሊዝ አናባቢ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገናኙ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ሕፃናት የሚከተሉት አንድ መንገድ ስላልነበራቸው እያንዳንዱ ካገኘው ለቅሞ የራሱን ሠራ፤ ከእነርሱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ናቸው በብዛት የሚሰማውን አጽንተው፣ ጥቂቱን ጥለው፣ አንድ ቅላጼ ያደረጉት። የአውስትራሊያውም እንዲሁ ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያዎቹ 11 መርከቦች በ1788 ከደረሱ በኋላ በነበረው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተጀምሯል፤ ፒተር ከኒንግሃም የተባለ የመርከብ ሐኪም በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ በዚያ የተወለዱት ወጣቶች የለንደን ጠባይ ያለበት የራሳቸው አነጋገር እንዳላቸው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰፋሪ በቍጥር ቢበልጥም እንኳ በእርሾ ላይ እንደሚጨመር ዱቄት ነው፤ ልጆቹ የሚይዙት ቀድሞ የቈየውን የእርሾውን ጣዕም ነው።

ወደ ሊቨርፑል ስንመለስ፣ ከጉንፋኑ ይልቅ የሕዝቡ ፍልሰት የሚያስረዳን ይበዛል። አሌክሳንደር ኤሊስ በ1889 የእንግሊዝን ዘዬዎች ሲመዘግብ ለሊቨርፑል የራሷ የሆነ ዘዬ አልሰጣትም ነበር። ከዚያ በፊት ግን በአየርላንድ ድንች በሽታ መትቶት ረኃብ በጸና ጊዜ፣ በ1847 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጉ አየርላንዳውያን በወደቧ ወርደዋል፤ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ቢሻገሩም፣ በ1851 በተደረገው ቈጠራ ከከተማይቱ ሕዝብ ከአምስት አንዱ የሚበልጠው በአየርላንድ የተወለደ ነበር። ስለዚህ «አነጋገራችን ከአየርላንድ ነው» የሚለው የሊቨርፑል ሰው አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ነገሩን አልጨረሰውም። ሊቨርፑል በቃል መጨረሻ ያለውን «ክ» ታላላዋለች፤ በእኛም አገር በአንዳንድ ክፍል «ከቤት» ማለት ቀርቶ «ኸቤት» እንደሚባል ያለ ነው። ይህ የ«ክ» መላላት በአየርላንድ እንግሊዝኛ በዚህ አኳኋን አይገኝም። አየርላንዳውያን «ት»ን ሲያላሉ የሰሙ የወደቡ ልጆች ሥርዓቱን ወደ «ክ» አሻግረውት ይሆናል፣ ወይም ከተማይቱ ራሷ አምጥታው ይሆናል፤ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል።

በቍጥር ብቻ የማይፈታ ሌላ ነገርም አለ። ኮርቢ በምትባለው በመካከለኛው እንግሊዝ ከተማ፣ በ1930ዎቹ የብረት ማቅለጫ ሲቋቋም በሺሕ የሚቈጠሩ ስኮትላንዳውያን ከግላስጎ አካባቢ ፈለሱባት፤ ጎረቤቶቿም እስከ ዛሬ «ትንሿ ስኮትላንድ» ይሏታል። የልጅ ልጆቻቸው አንዳንድ የስኮትላንድ አናባቢዎች እንደ ያዙ ናቸው፤ አንዲት ተመራማሪ ቀርባ ስታጠና ግን፣ ወጣቶቹ ድምፁን የሚያሰሙት ስኮትላንዳዊ ለመባል ሳይሆን ከጎረቤት ከኬተሪንግ ሰዎች ለመለየት ሆኖ አገኘችው።

ዛሬ ደግሞ ክርክሩ ወደ ለንደን ተዛውሯል። በከተማይቱ ምሥራቅ በሃክኒ፣ ወላጆቻቸው ከጃማይካ፣ ከጋና፣ ከባንግላዴሽ፣ ከቱርክና ከሌላም አገር የመጡ ልጆች፣ ከነባሮቹ ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አድገው አዲስ ቅላጼ አውጥተዋል። ጋዜጦች የጃማይካን ሙዚቃ እየሰሙ የኰረጁት የውሸት አነጋገር ነው ይላሉ፤ ሆትስፐር በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ከ2004 እስከ 2007 ያጠኑት ከርስዊልና ባልደረቦቹ ግን ምንጩን በሙዚቃው ሳይሆን በጓደኝነቱ አገኙት፤ የብዙ አገር ጓደኞች ያሉት ልጅ፣ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ አዲሱን አነጋገር አብልጦ ይናገራል። በዚህም መካከል ማንም ያልጠበቀው ነገር ተፈጸመ። የለንደን ሠራተኛ ሕዝብ በቃል መጀመሪያ «ህ»ን መጣሉ የስንፍናው ምልክት ነው ተብሎ፣ የትምህርት ቤት መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ በተግሣጽ ሊመልሱት ሲደክሙ ኖረው ነበር፤ እነዚህ የሃክኒ ልጆች «ህ»ን ያለ አንዳች ተግሣጽ መልሰው ያሰማሉ።